ወርቅ ጥርስ ያላት ስደተኛ

ጦይባ የደወለችልኝ እሁድ ረፋድ ላይ፣ ካርቱም አል-ሳሃፋ ሰፈር የሰው ልብስ እያጠብኩ ነው። ጦይባ ዴም ሰፈር በአንድ ግቢ አብራን የኖረች ልጅ ናት፤ አሁን ገዳሪፍ ከተማ ነው ያለችው።

«የሳራ እናት፣ ግቢያችንን ሊቆፍሩት ነው» አለችኝ፤ ሰላምታም አላስቀደመች። «የቤቱ ባለቤት ሐጃ ናት የነገረችኝ። ማክሰኞ ይመጣሉ። በጦርነቱ ጊዜ በየቤቱ የተቀበረውን ሁሉ እያወጡ ወደ መቃብር ቦታ ይወስዳሉ አሉ።»

«ዘሀራንም?»

«ዘሀራንም። ቆሞ አይቶ፣ ስሙን ተናግሮ የሚፈርምለት ሰው ያለው በስሙ ይቀበራል። የሌለው ቁጥር ይጻፍበትና ይሄዳል። በስልክ አይሆንም ብለዋል። እኔ ከዚህ አልደርስም። ያለሽው አንቺ ነሽ።»

ዘሀራ መሞቷን ካወቅሁ ዓመት አልፎኛል። አልቅሼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። ቁጥር የሚለውን ስሰማ ግን ሳፋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። በእኔ ዕድሜ ቁጥርን እንደ ዘሀራ የጠላ ሰው አላየሁም።

ችግሩ መሄዱ ነው። ዴም ከሳሃፋ ሩቅ ሆኖ አይደለም። ጦርነቱ ከከተማው ከወጣ ወዲህ ከሻ የሚሉት አፈሳ በዝቷል። ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ አንስተው መኪና ላይ ይጭኑታል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚያደርሱት አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው ሌላ። የእኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ከነቦርሳው ተዘርፏል። ሳራ ልጄ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እኔ ከተያዝኩ ካርቱም ላይ ማንም የላትም። ጦርነቱ ከገባ ጀምሮ እሷን ትቼ ከሰፈር ወጥቼ አላውቅም። ፈሪ ነኝ። ይህን የሚያነብ ሰው ከመጀመሪያው ይወቀው።

የተማርኩትም እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ሳራ ደግሞ እዚህ ስለተወለደች አማርኛ ብትናገርም መጻፍ አይሆንላትም። ስለዚህ በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። ስለ ዘሀራ ሌላ የሚጽፍ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ዘሀራ የወሎ ልጅ ናት፣ የሐርቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ክንዷን እንደ ወታደር የምታወናጭፍ። ከላይ በግራ በኩል አንድ የወርቅ ጥርስ ነበራት። እዚህ የመጣ ሰው መጀመሪያ ባገኘው ደመወዝ ለአገር ቤት የጣራ ቆርቆሮ ይገዛል፤ እሷ ጥርስ አስተከለች። ስንስቅባት፣ «ቆርቆሮውን ሌባ ይገነጥለዋል። ይሄን ሊሰርቀኝ የመጣ ግን ጣቱን ጥሎልኝ ነው የሚሄደው» ትልና ጥርሷን ገጭ ገጭ ታደርግልን ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ጨርሳለች። እንግሊዝኛ እንደ ውሃ ታነባለች። ካርቱም ግን አሥራ ሁለተኛ የጨረሰችውም እንደ እኔ ያለችውም የምትይዘው መጥረጊያ አንድ ዓይነት ነው። ስደተኛ ሲሏት ትቆጣለች። «ስደተኛ ሥራዬ ነው እንዴ? ሥራዬ ማጽዳት ነው» ትላለች።

በግራ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ፤ ሦስት ማዕዘን፣ ጫፉ ወደ ክርኗ የሚያይ። መጀመሪያ የተቀጠረችበት ቤት እመቤቲቱ ነጭ ጀለቢያ አቃጠልሽብኝ ብላ በጋለ ካውያ ተኮሰቻት። ይህን የነገረችኝ ጦይባ ናት። ዘሀራ ራሷ ስለ ጠባሳው «እኔ» ብላ አውርታ አታውቅም። ያወራችው በብርቄ ነው።

ብርቄ ማን እንደሆነች ልናገር።

ዘሀራ ከጦርነቱ በፊት የምታጸዳላት አንዲት ኸዋጃ ነበረች፤ ፈረንጅ ማለት ነው፣ የእርዳታ ሠራተኛ። ሴትዮዋ ወደ አገሯ ስትገባ ለዘሀራ አንድ ካርቶን ዕቃ ትታላት ሄደች። እጀታው የወለቀ መጥበሻ፣ ጃንጥላ፣ አንድ መጽሐፍ። ካርቱም ውስጥ ጃንጥላ! መጽሐፉ ልቦለድ ነው፣ ስለ ስደተኞች ካምፕ። ሽፋኑ ላይ አንዲት ጥቁር ሴት ልጅ አዝላ ቀይ አቧራ ውስጥ ትሄዳለች። የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው።

«ፊቷስ?» አልኳት።

«ፊቷን ካሳዩንማ ስሟን እንጠይቃለን» አለች ዘሀራ።

አርብ የሁላችንም እረፍት ነው። ከቀትር ሶላት በኋላ ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሰማያዊ አበባ ያለበት አንሶላ ዘርግተን ፉል እንበላለን። ዘሀራ ያንን መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብልን የጀመረችው እዚያ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከሳጃና ሰፈር ሳይቀር ሴቶች እየመጡ አንሶላው አልበቃ አለን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ፈረንጅ ሐኪም ካምፕ ትመጣለች። እዚያ ብርቄ የምትባል ስደተኛ አለች፣ የታመመ ልጅ ያላት። ብርቄ ወርቅ ጥርስ አላት።

«ስደተኛ ደግሞ የምን ወርቅ ጥርስ አላት!» አለች ጦይባ በመጀመሪያው ቀን።

ዘሀራ መጽሐፉን አጠፈችና አየቻት። «አንቺ ምንድን ነሽ?»

«እኔማ... የሰው ቤት ሠራተኛ።»

«ወረቀትሽ ላይስ ምን ይላል?»

ጦይባ እጆቿን አየች። ጣቶቿ ላይ ሦስት የወርቅ ቀለበት ነበር። ዘሀራ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በዓይኗ ቆጥራ ንባቧን ቀጠለች፤ እኛ በሳቅ ሞትን።

ብርቄ እንደኛው ናት። ሰልፍ ላይ ትጣላለች። ዱቄት ትደብቃለች። ሐሜት ትወዳለች። የነካትን ዘበኛ ትነክሳለች። አንድ አርብ ደግሞ የቀድሞ እመቤቷን ካምፑ በር ላይ አገኘቻት። እመቤቲቱም ካውያ ይዛለች፤ ካውያ ካምፕ በር ላይ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ የለም። ብርቄ ካውያውን ነጥቃ እመቤቲቱ ክንድ ላይ አሳረፈችው። ዘሀራ ይህን ስታነብ ድምፅዋ አልተለወጠም። የሥጋውን ሽታ፣ ጩኸቱን፣ ቆዳው ከብረቱ ጋር እንዴት እንደተላጠ ሁሉን አነበበችልን። አንዷ ተነሥታ ከግድግዳው ሥር አስታወከች። ሌላዋ «ይበላት!» ብላ አጨበጨበች። እኔ የዘሀራን ክንድ አየሁ። በዚያ ሙቀት እጅጌዋን እስከ እጇ አውርዳው ነበር።

ከሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የድንኳኑ ነው። ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ስደተኛ ትመዘግባለች። ቀና ብላ አታይም፤ ክንድ ትስብና ቁጥር ትጽፋለች፣ ክንድ ትስብና ቁጥር ትጽፋለች። ብርቄ ስትደርስ እጇን ሰበሰበችና «ስሜን ሳትጠይቂ ቁጥሬን አትጻፊ» አለቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቀና አለች። ስሟን ጠየቀቻት። እኛ ይህን ሦስት ጊዜ አስደገምናት። በነጋታው ወለል ስጠርግ እንኳ ለራሴ እለው ነበር።

ታዲያ እኔ ሞኟ ይህንን ይዤ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን የእርዳታ ምዝገባ መጣ፤ ዱቄትና ዘይት። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተሰልፌ ጠረጴዛው ጋ ስደርስ፣ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ክንዴን ሳብ አደረገችና ብዕሯን አነሣች። ልቤ ዘለለ። ልክ እንደ መጽሐፉ! እጄን ሰበሰብኩና በዓረብኛ «ስሜን ሳትጠይቂ ቁጥሬን አትጻፊ» አልኳት። ብዕሩን እስክታስቀምጥ ጠበቅሁ። መጽሐፉ የእርዳታ ሰዎቹ ነው፣ ሐኪሟም የነሱ ናት፤ የሚያውቁት መስሎኝ።

«ምንድን ነው የምትለው ይቺ?» አለች ጸሐፊዋ ወደ ጎን።

«መጽሐፋችሁ ላይ አለ» አልኳት።

ዘበኛው በሻሼ ጎትቶ ከሰልፍ አወጣኝ። መሬት ላይ ወድቄ ለመነሣት ስል ትከሻዬን በዱላ አለኝ። ባዶ እጄን ገባሁ።

ሳራ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ትማራለች። «እማ፣ የት ገጽ ነው? ሄጄ አሳያቸዋለሁ» ብላ መጽሐፉን ከዘሀራ ክፍል አምጥታ ቀኑን ሙሉ ስታገላብጥ ዋለች። ከዚያ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «እማ፣ ብርቄ ማፊ» አለችኝ፤ የለችም ማለቷ ነው። «ስም የለም። ‹ሴትዮዋ› ብቻ ነው የሚለው። ከአንደኛ ገጽ እስከ መጨረሻ።»

በሚቀጥለው አርብ ሳልቀመጥ ነው የጀመርኳት። «ዘሀራ፣ ብርቄ የታለች?»

ምላሷን ወርቅ ጥርሷ ላይ አስነካች። ስታነብልንም አንዳንድ ቦታ ላይ እንዲህ ታደርግ ነበር። ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

«የለችም» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። «ካውያውስ?» አለች ጦይባ።

«የኔ ነው።»

«ዘበኛውን የነከሰችውስ?»

«የኔ።»

«ኧረ አንቺ ጉደኛ! እኔ ለልጇ ዱዓ አድርጌላታለሁ እኮ! በየሶላቱ!»

«ዱዓ የትም አይጠፋም፤ ለሌላ ልጅ ይደርሳል» አለቻት ዘሀራ።

«መጽሐፉ ታዲያ ምንድን ነው የሚለው?» አልኩ።

«ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ነው የምትናገረው። አንዴ ‹ውሃ› ትላለች። አንዴ ‹አመሰግናለሁ› ትላለች። ከዚያ ልጇ ይሞትባታል። ሐኪሟ ታለቅሳለች። ሁሉም ተሰብስቦ ሐኪሟን ያባብላል። የልጁን እናት ያባበለ የለም።» መጽሐፉን መሬት ላይ ወረወረችው። «ይህን ሁሉ አርብ ‹ውሃ› እና ‹አመሰግናለሁ› ላንብብላችሁ ነበር?»

እኔ ግን ትከሻዬ ገና ያመኝ ነበር። «አንቺ በፈጠርሽው ተመታሁ» አልኳት። «ደህና ቃል መስሎኝ ሰው ፊት ተናግሬ እንደ ውሻ ተጎተትኩ።»

ያኔ ፊቷ ተለወጠ። ስትሳደብ አይቻታለሁ፣ ስትማታም አይቻለሁ፤ አፍራ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ክንዴን ይዛ ወደዚያው ምዝገባ ወሰደችኝ። አልሰለፍም አለች፤ ቀጥታ ጠረጴዛው ጋ። ዘበኛው ዱላ ሲያነሣ ዱላውን ያዘችበት። ሁለቱ ዱላውን ሲጓተቱ ሌላ ዘበኛ ከኋላ መጥቶ ጭንቅላቷን መታት። ወደቀች። ወድቃም መቷት፤ አንዴ ጎኗን፣ አንዴ አፏን። ሴቶቹ ይጮሃሉ፣ ሰልፉ ተበተነ። እኔ ምን አደረግሁ? ቆሜ አየሁ። ዘሀራ ከመሬት ሆና በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገረች፤ ጮክ ብላ አይደለም። ጸሐፊዋ ብድግ አለች። «ተዋት!» አለችው ዘበኛውን። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

«እሷን ጠይቂያት» አልኩ። ያን ያህል እንኳ ደፈርኩ።

«ዘሀራ ሰይድ ይመር» አለች ዘሀራ፣ ደም እየተፋች። ወርቁ በደሙ መሀል ያበራል። «እስከ አያቴ ጻፊው።»

ዱቄትም ዘይትም አላገኘንም። ስንመለስ ሻሿን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥሜላት፣ ደሙ በአንገቷ እየወረደ፣ እየሳቀች «አየሽ የሳራ እናት፣ አሁን የእውነት ሆነ። ከእንግዲህ ፈጠርሽ እንዳትዪኝ» አለችኝ።

ጦርነቱ የገባው በረመዳን መጨረሻ ነው። እሱን ያላየ ሰው ብነግረው አያምነኝም። ሰማዩ ሲቀደድ ግድግዳው ላይ ያለው ቀለም እንደ ቅርፊት ይረግፋል። በሦስተኛው ቀን የሐጃ የወንድም ልጅ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ አንገቱን በጥይት ተመታ። በአምስተኛው ቀን አንድ መንገደኛ በራችን ላይ ወደቀና እጁ ብቻ በበሩ ሥር ገባ። እጁ ለረጅም ጊዜ ይንቀሳቀስ ነበር። ልንከፍትለት አልቻልንም፤ ተኩሱ እዚያው በሩ ላይ ነበር። ሁለቱንም ከኒሙ ሥር ቀበርናቸው። ቁፋሮውን የያዘችው ዘሀራ ናት። መንገደኛው ኪሱ ውስጥ ምንም ወረቀት አልነበረውም። ዘሀራ አፈር ከመመለሷ በፊት ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ «ስምህን ሳልጠይቅህ ነው፤ ይቅር በለኝ» ስትለው ሰማሁ።

ውሃው ሲቋረጥ የውሃ በርሜሉ ባዶውን ቀረ። ሳራን እዚያ ውስጥ ነበር የምንደብቃት። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በየሰፈሩ ቤት እየሰበሩ ምን እንደሚያደርጉ ሰምተናል፤ ሁለት ቤት አልፎ ያለችውን ልጅ እናቷ ፊት ምን እንዳደረጓት ሰምተናል። እኔ ከዚያ በኋላ ያለቀስኩም የጸለይኩም አይመስለኝም። በርሜሉን ብቻ ነበር የማየው።

በቀትር መጡ። ሦስት ናቸው፣ ጠመንጃ የያዙ። ማን እንደሆኑ፣ የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠየቅናቸውም። ሳራን አስገብቼ ክዳኑ ላይ ብርድ ልብስ እንደጣልኩ በሩ ተገነጠለ። ጦይባን በጥፊ መትተው ቀለበቶቿን ከጣቷ ሲያወልቁ አንዱ አልወጣ ሲል ጣቷን ወደ ኋላ ሰበሩት። ሲሰበር ተሰማኝ። የእኔን ቦርሳ ወሰዱ። ከዚያ አንዱ፣ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነው፣ ገመዱ ላይ የተሰጣውን የሳራን የትምህርት ቤት ሸሚዝ አየ።

«ልጅቷ የታለች?» አለ።

«ልጅ የለም» አለች ሐጃ።

ሸሚዙን አሸተተውና ወደ ክፍሉ መሄድ ጀመረ። በርሜሉ ወዳለበት ክፍል። እኔ መጮህ ፈለግሁ፣ መሮጥ ፈለግሁ፤ እግሬ የሰው እግር ሆነብኝ። ሽንቴ አመለጠኝ። እናት ናት ብላችሁ ከጠበቃችሁኝ፣ የሆንኩት ይህ ነው።

ዘሀራ ምላሷን ወርቅ ጥርሷ ላይ አስነካች። አየኋት። ከዚያ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ ግቢው ሁሉ አስተጋባ።

«ደሀብ ወይን?» አለችው፤ ወርቅ የት ነው? እያለች እነሱ ሲሉ እንደነበረው አስመሰለችው። «ወርቅ ስትፈልጉ ዋላችሁ። ይኸው ወርቅ!» አፏን ከፍታ ፀሐይ ላይ አቀናችው። «ወንድ ከሆንክ ና ውሰደው።»

ሰውየው ክፍሉ በር ላይ ቆመ። ዞረ። ሌሎቹ ሳቁበት። ሲሳቅበት ጊዜ መጣና ሁለት ጣቱን አፏ ውስጥ ከተተ፣ ጥርሱን ሊያነቃንቅ። ዘሀራም እንዳለችው አደረገች። ነከሰችው። ይጮሃል፣ አትለቅም፤ ይጎትታል፣ አትለቅም። ሌላኛው በጠመንጃው ሰደፍ መንጋጭላዋን መታት። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው እንደ ደረቅ እንጨት ያለ ድምፅ ተሰማ፣ ያኔ አፏ በራሱ ተከፈተ። ወርቁን በጩቤ ጫፍ አወጡት። ከዚያ ጣቱን የያዘው ሰውዬ እስኪደክመው ድረስ ረገጣት፤ ሆዷን፣ ጡቷን፣ ፊቷን። መንገድ ላይ የመኪና ጡሩንባ ሲነፋ ወጥተው ሄዱ። ወደ ክፍሉ የገባ የለም።

ሳራን ሳወጣት ሁሉን ሰምታለች። ድምፅ እንዳታሰማ የራሷን መዳፍ ነክሳ ሥጋው ተነሥቷል። ጠባሳው ዛሬም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ተኩሱ ሲበርድ ሐጃ «ያላ፣ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፤ ተመልሰው ይመጣሉ» አለችኝ። ዘሀራ መቆም አልቻለችም። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ጠፍተዋል። መናገርም አትችልም። አጠገቧ ተንበርክኬ «ሳሃፋ እንደደረስኩ ሪክሻ እልክልሻለሁ፤ ከቀትር በፊት» አልኳት። የእጇን ጀርባ ዝንብ እንደምታባርር አድርጋ አወዛወዘችልኝ። ሂጂ ማለቷ ነው።

ሳሃፋ ደረስን። ባለሪክሻዎቹን፣ የባጃጅ ነጂዎቹን፣ ለመንኳቸው። «ዴም? ልታስገድይኝ ነው?» አለኝ አንዱ። አንዱ እሺ ብሎ ሄዶ ከመንገድ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በእግሬ መሄድ እችል ነበር። በእግሬ ነው የመጣሁት፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። አልሄድኩም። ሳራን አቅፌ ተቀመጥኩ።

ዘሀራ ዘጠኝ ቀን ኖረች። ጦይባ ናት የቀረችላት። የሚነድ እንጨት ሲጠፋ ዘሀራ በጣቷ ወደ መጽሐፉ አመለከተች፤ ጦይባ ገጹን እየገነጠለች አነደደችውና ሾርባ አሞቀችላት። ሽፋኑ ሲነድ ዘሀራ በዚያ በተሰበረ ፊቷ ሳቀች አለችኝ ጦይባ፤ በመጨረሻ ከመጽሐፉም እርዳታ አገኘን የምትል ይመስል ነበር። በአርቡ አንሶላ ጠቅልላ ቀበረቻት።

ጦይባን አንድ ነገር ጠይቄያታለሁ። «ሪክሻ ትጠብቅ ነበር?» ብዬ። ጦይባ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች።

እና እሁድ ያ ስልክ መጣ። ሰኞን አልተኛሁም። ማክሰኞ ጠዋት እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ ተከናንቤ ስነሣ ሳራ በሩ ላይ ቆመች።

«እማ፣ ቢይዙሽስ? እኔስ?»

እሷ መዳፏን ዘርግታ ጠባሳዋን አየችው። ከዚያ ከበሩ ዞር አለችልኝ።

በእግሬ ሄድኩ። ሁለት ኬላ አለፍኩ፤ ፊቴን ሸፍኜ ከሱዳን ሴቶች መሀል ገብቼ። ዴም የነበረው ዴም አይደለም። ጣራ የለውም። ፉል እንገዛበት የነበረው ሱቅ ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል። ግቢያችን በር ላይ ወታደር ቆሟል። ሐጃ አይታኝ «እህቴ ናት» ብላ አስገባችኝ፤ ወታደሩ ገላምጦኝ አሳለፈኝ።

ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች ከኒሙ ሥር ይቆፍራሉ። የሐጃ የወንድም ልጅ ወጥቶ በስሙ ተጽፏል። መንገደኛውም ወጥቶ ቁጥር ተጽፎበታል። ሦስተኛውን ሲያወጡ መጀመሪያ ያየሁት የአንሶላውን ሰማያዊ አበባ ነው። አንሶላውን ገለጡት። ስለ ቀረው አልጽፍም። መንጋጭላዋ ወደ ጎን ሄዷል። ከላይ በግራ በኩል ክፍተት አለ።

ጸሐፊው ወጣት ነው፤ የደከመው። ቀና ሳይል ቀለም ብዕሩን ወደ ሬሳ ከረጢቱ ዘረጋ።

«ስሟን ሳትጠይቅ ቁጥሯን አትጻፍ» አልኩ። ድምፄ ወጣ።

ብዕሩን አስቀመጠ። ቀና አለ። እውነቴን ነው፣ አስቀመጠው።

«ታውቂያታለሽ?»

«ዘሀራ ሰይድ ይመር። እስከ አያቷ ጻፈው።»

«በምን ለየሻት?»

«እዚህ ጋ ወርቅ ጥርስ ነበራት» አልኩት፤ በራሴ አፍ ላይ አሳየሁት።

«ሥራዋ?»

አሰብኩ። «መጽሐፍ ታነብ ነበር» አልኩ።

ትንሽ አየኝና ጻፈው። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠ። «ምስክሯስ? ስምሽ ማን ነው?»

«ኡም ሳራ።»

«የሳራ እናት አይጻፍም። የራስሽን ስም። ኢቃማሽንም አምጪ።»

በሩ ላይ ያለው ወታደር ወደ እኛ ዞረ። ሐጃ እጄን ጨበጠችኝ። የሱዳን ስም ልናገር አልኩ በልቤ፤ ፋጢማ ልበል፣ የሐጃን ስም ልስጥ። ምላሴን ጥርሴ ላይ አስነካሁ። እኔ ወርቅ የለኝም፤ አጥንት ብቻ ነው።

«ኢቃማ የለኝም» አልኩ። «ስሜ እማዋይሽ ታደሰ ነው።»

«ምን አልሽ?»

ደግሜ ነገርኩት፤ ከፍ አድርጌ፣ በሩ ላይ ያለውም እስኪሰማኝ።